ጋሻ ጃግሬና የገጠሩ ኅብረተሰብ፤ ከአንጎት እስከ ቆቦ ሜዳ

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ «ናይት» ተብሎ ይጠራ የነበረው ባለፈረስ ተዋጊ ወደ ጦርነት ብቻውን አይወጣም ነበር። ጋሻውንና ጦሩን የሚሸከም፣ ፈረሱን የሚቀልብና የሚጭን፣ ጥሩሩን የሚያለብስ ወጣት ከኋላው ይከተለዋል። እንግሊዞች ይህን ወጣት «ስኳየር» ይሉታል። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ ከላቲኑ «ስኩታሪዩስ» የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም ጋሻ ያዥ ማለት ነው። በአገራችን ተመሳሳዩን ሥራ ይሠራ የነበረው ሰው «ጋሻ ጃግሬ» ይባላል። ሁለት የተራራቁ ኅብረተሰቦች አንዱ ከሌላው ሳይዋስ ለአንድ ዓይነት አገልግሎት ከአንድ ዕቃ፣ ከጋሻ፣ ስም ማውጣታቸው የሚያስደንቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ጋሻ በጦርነት ሰዓት ሕይወት የሚያድን ቢሆንም ለረጅም መንገድ ሸክም ነው፤ ጌታው ደግሞ መንገዱን ሁሉ የሚጓዘው በበቅሎ ተቀምጦ ነው።

ይሁን እንጂ መመሳሰሉ ከስሙ አልፎ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ማጤን ያስፈልጋል። የአውሮፓው ስኳየር በአብዛኛው የባላባት ልጅ ነበር። በተለመደው አኳኋን 7 ዓመት ገደማ ሲሞላው ወደ ሌላ ባላባት ቤት ተልኮ ይላላካል፤ 14 ዓመት ገደማ ሲሆነው ስኳየር ተብሎ በማዕድ ጊዜ ሥጋ እየቆረጠ፣ ፈረስ እየገራ፣ በጦርነት ጊዜ ጌታውን እየተከተለ ያድጋል፤ 21 ዓመት ገደማ ሲደርስም በሥነ ሥርዓት ናይት ይሆናል። ከ13ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ግን የናይትነት ወጪ እየከበደ ስለ መጣ ብዙዎቹ ስኳየር ሆነው መቅረትን መረጡ። የእንግሊዝ ነገሥታትም አንድ ጊዜ 20፣ ሌላ ጊዜ 40 ፓውንድ ዓመታዊ ገቢ የሚያስገኝ መሬት ያለው ሁሉ የናይትነትን ማዕረግ እንዲቀበል፣ እምቢ ቢል ግን መቀጫ እንዲከፍል እስከ ማስገደድ ደርሰዋል። በዚህ ምክንያት «ስኳየር» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ የጦር ሜዳውን ለቅቆ በገጠር የሚኖረው፣ በመንደሩ ዳኝነት የሚቀመጠውና ከጭሰኛው ግብር የሚቀበለው ባለመሬት መጠሪያ ሆነ። የጋሻ ያዡ ስም የመሬት ባለቤቱ ስም ሆነ ማለት ነው።

የኢትዮጵያው ጋሻ ጃግሬ የተጓዘው በዚህ መንገድ ነው ወይ? ጥያቄው የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በገጠሩ ኅብረተሰብ ውስጥ አንድ የገበሬ ልጅ ከአባቱ ማረሻ ተለይቶ ወደ ሌላ ኑሮ የሚሻገርበት በር የቱ ነበር፣ የዚያንስ በር ዋጋ የሚከፍለው ማን ነበር የሚለውን የሚነካ ነው። ለዚህ ምርመራ የቆቦ ሜዳና አካባቢው የተለየ ጥቅም አለው። በስተ ምዕራብ የላስታ ደጋ እስከነጉልቱና እስከነሹመቱ ቆሞ ይታያል፤ በስተ ምሥራቅ ከዞብል ተራራ ወዲያ የአፋር በረሃ ይዘረጋል። በመካከሉ ያለው የራያ ቆላ ለብዙ ዘመን የሁለት ዓይነት ሥርዓቶች መገናኛ ነበር።

በጌታ ቤት የሚሰጥ ትምህርት

የጋሻ ጃግሬው ተራ ሥራ ስሙ እንደሚያመለክተው የጌታውን ጋሻ መሸከም ነው። ጋሻው ከጎሽ፣ ከጉማሬ ወይም ከበሬ ቆዳ ተጠፍጥፎ የሚሠራ ሲሆን የሹማምንቱ ጋሻ በብር ወይም በወርቅ ያጌጠ ስለሆነ ተሸካሚው ንብረትም ክብርም በአደራ እንደ ያዘ ይቆጠር ነበር። ጌታው በሰላም መንገድ የሚጓዘው በበቅሎ ነው። የጦር ፈረሱ እንዳይደክም ባዶውን ይሳባል፤ ኮርቻው፣ ልጓሙና ግላሱ ሁሉ ለውጊያው ቀን ይጠበቃል። የሐበሻ ፈረሰኛ እርካቡን የሚረግጠው በባዶ እግሩ ሆኖ በአውራ ጣቱ ብቻ ነበርና ፈረሱን ማቅረብና መያዝ የለመደ እጅ ይጠይቃል። ውጊያው ሲጀመር ጋሻ ጃግሬው ጋሻውንና ጦሩን አስረክቦ በቅሎዋን ይይዛል፤ ወይም እርሱ ራሱ ከጌታው ጎን በእግሩ ይሮጣል። ጌታው የወረወረውን ጦር አንሥቶ የሚመልስ፣ ከፈረስ ሲወድቅ የሚያነሣ፣ ሲቆስል የሚሸከም፣ ሲሞት ሬሳውን ከጠላት የሚያስጥል እርሱ ነው። ይህን ሳያደርግ ወደ ቤቱ የተመለሰ ጋሻ ጃግሬ በአገሩ ሰው ፊት የሚያየው ውርደት ከሞት የማይሻል ነበር።

በሰላም ጊዜ ደግሞ ቤት ውስጥ ያገለግላል። የጌታውን እግር ያጥባል፣ በማዕድ ጊዜ ይቆማል፣ መልእክት ያደርሳል፣ በፍርድ ሸንጎ ከኋላ ቆሞ ክርክሩን ይሰማል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። የአገሩን ሕግና ልማድ፣ የርስት ሐረግ አቆጣጠርን፣ የጠበቃ አነጋገርን፣ ከሹም ጋር መነጋገሪያውን ወግ የሚማረው እዚያ ነው። መጽሐፍ የለም፣ የተወሰነ የትምህርት ዘመን የለም፣ ፈተናውም የሚመጣው ሳይነገር ነው። ቢሆንም ትምህርት መሆኑ አይካድም። ከጨዋታውም ወገን ጉግስና ገና፣ ከዚያም አደን፣ ለጦርነት መለማመጃ ሆነው ያገለግሉ ነበር።

ስለዚህ በደጋው ገጠር አንድ ወንድ ልጅ ከአባቱ እርሻ የሚወጣባቸው ሁለት በሮች ነበሩ ለማለት ይቻላል። አንደኛው የቤተ ክህነት ትምህርት ነው፤ ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ አኩፋዳውን አንግቦ እየለመነ ከደብር ወደ ደብር ይሄዳል። ሁለተኛው የጌታ ቤት ነው። የቆሎ ተማሪው የሚያድረው በመቃብር ቤት ወይም በጎጆ፣ ጋሻ ጃግሬው የሚያድረው በጌታው ደጅ ነው። ሁለቱም የሚበሉት ሌላ ሰው ካመረተው ነው። ሁለቱም ቢሳካላቸው ወደ መንደራቸው የሚመለሱት ከእኩዮቻቸው በላይ ሆነው ነው። ለሴት ልጅ ግን ሁለቱም በሮች ዝግ ነበሩ ማለት ይቻላል። በዘመቻ ላይ ጋሻ ጃግሬው ጋሻ ሲሸከም እርሷ ገንቦና ስንቅ ትሸከም ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ስሟን አልመዘገቡም።

የሹመት ስሞችን የመረመረ ሰው የዚህን የቤት ትምህርት ዱካ በቀላሉ ያገኘዋል። ባልደራስ መነሻው የፈረሶች ኃላፊ ነው፤ አጋፋሪ በር ጠባቂና እንግዳ አስገቢ፣ እልፍኝ አስከልካይ የጌታው እልፍኝ ጠባቂ፣ ብላቴን ጌታ የብላቴኖች አለቃ ነው። ከፈረስ በረት፣ ከበር፣ ከእልፍኝና ከማዕድ የተነሡት እነዚህ ስሞች ሁሉ ኋላ የመንግሥት ማዕረግ ሆኑ። በ1942 ዓ.ም. የታተመው የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ስለ መንግሥቱ አሠራርና ስለ ማዕረጎች ብዙ መረጃ የያዘ ሲሆን የመጽሐፉ ደራሲ ማዕረግ ራሱ ከዚሁ ከቤት አገልግሎት የወጣ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ከአገልጋይነት ወደ ላይ የወጡ ሰዎች ምሳሌ አይጠፋም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በልጅነታቸው ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት ከመጡ በኋላ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስም በአገሪቱ ከታላላቆቹ ባለሥልጣኖች አንዱ ነበሩ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም እንዲሁ በጦር ሜዳ ቆስለው ከተገኙበት ተወስደው በቤተ መንግሥት ያደጉ፣ በአድዋ ጦርነት በመድፍ ተኳሽነት ስም ያተረፉ ሰው ናቸው። ነገር ግን ከሺህ አገልጋዮች መካከል እንዲህ ያለ ዕድል የገጠማቸው ጥቂቶች እንደሆኑ መዘንጋት የለበትም። የቀሩት ወይ በዘመቻ አልቀዋል፤ ወይ ደጅ ሲጠኑ አርጅተዋል።

የጌታና የአሽከር ትስስር እስከምን ድረስ እንደሚሄድ ለማየት የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ይበቃል። ንጉሡን በውጊያ ጊዜ መስሎ በመታየት ጠላትን የሚያሳስተው ሹም ሊቀ መኳስ ይባላል፤ ይህንን ማዕረግ የያዘው እንግሊዛዊው ዮሐንስ ቤል በ1853 ዓ.ም. ንጉሡን ለማዳን ሲል ከጋረድ ሠራዊት ጋር ሲዋጋ ሞተ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝም ከንጉሡ ካልተለዩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ጠመንጃቸውን ያጎርስ የነበረው አሽከራቸው ወልደ ጋብር ነበር። ሹማምንቱ ጥለዋቸው በሄዱበት ሰዓት አሽከሩ መቅረቱ የዘመኑን ሥነ ምግባር ከብዙ ትንታኔ ይልቅ ይገልጸዋል። በፉከራም ቢሆን ተዋጊው ራሱን የሚጠራው በአባቱ ስም ብቻ አልነበረም፤ በጌታው የፈረስ ስም «የአባ ታጠቅ አሽከር» ወይም «የአባ ዳኘው አሽከር» እያለ ነው። አሽከርነት የሚያሳፍር ሳይሆን የሚፎከርበት ነገር ነበር። ከባርነት የሚለየውም በዚህ ነው፤ ጋሻ ጃግሬው ጌታው ቢከፋው ሌላ ጌታ መፈለግ ይችላል፤ ባሪያው አይችልም። ባርነት ደግሞ በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ሲያገለግሉ ኖረዋል።

ጨዋ፣ ጉልትና ገባሩ

የዚህ ሥርዓት መሠረት የተጣለው በመካከለኛው ዘመን ነው። ዐፄ ዓምደ ጽዮን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) እና ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) በየጠረፉ «ጨዋ» የሚባሉ ወታደሮችን እያሰፈሩ አገሩን አስጠብቀዋል። ጨዋው የሚተዳደረው በደመወዝ ሳይሆን በሰፈረበት አገር ገባር ግብር ነው። የቃሉ ዕድል ከእንግሊዙ ስኳየር ጋር የሚነጻጸር ነው። «ጨዋ» የሚለው ስም ከወታደርነት ተነሥቶ ዛሬ ባለጌ ያልሆነ፣ በሥርዓት ያደገ ሰው ማለት ሆኗል፤ በቤተ ክህነት አነጋገር ደግሞ ያልተማረ ሕዝባዊ ማለት ነው። ሁለቱ ትርጉሞች የሚጣሉ ይመስላሉ። ወታደሩ ለገበሬው ታላቅ፣ ለደብተራው ግን መሃይም ሆኖ መታየቱን ሲያስቡ ግን አይጣሉም።

በዚያን ጊዜ የቆቦ ሜዳ የሚገኝበት ምድር አንጎት ይባል ነበር። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአንጎት አልፏል፤ የአገሩን ገዥ «አንጎት ራስ» በሚል ማዕረግ ጠቅሶታል፤ በስተ ምሥራቅ በኩል ያሉት ዶብዓዎችም ለደገኛውና ለመንገደኛው ሥጋት እንደነበሩ ጽፏል። ከእርሱ በፊት ዐፄ በእደ ማርያም (እ.ኤ.አ. 1468–1478) በዶብዓዎች ላይ ዘምተው ነበር። እንግዲህ የቆላው ጠረፍ ከጥንት ጀምሮ ባለጉልቱ ወታደር የሚቆምበት ድንበር ነበር ማለት ነው።

ወደ 16ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የአውሮፓው ናይት ራሱ ወደዚሁ አካባቢ መምጣቱ የታሪክ አጋጣሚ ነው። 400 ያህል ፖርቱጋላውያንን ይዞ የመጣው ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1542 ከቆቦ በስተ ሰሜን፣ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ወፍላ ላይ በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦር ተሸንፎ ተማረከና ተገደለ። ከዘመቻው የተረፈው ሚጌል ደ ካስታኞዞ ታሪኩን ጽፎታል። የዚህ ጦር ዋና ኃይል ግን የናይቶቹ ጦርና ጋሻ ሳይሆን ጠመንጃው ነበር። የጋሻ ያዡ ዘመን በአውሮፓ እየተዘጋ በነበረበት ሰዓት በኢትዮጵያ ገና ሦስት መቶ ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ነበረው።

ዋጋውን ይከፍል የነበረው ገባሩ ነው። ባለጉልቱ መሬቱን አያርስም፤ የመሬቱን ግብር ይበላል። በዘመቻ ጊዜ ደግሞ ሠራዊቱ የተደራጀ የስንቅ ክፍል ስለሌለው ከእያንዳንዱ ተዋጊ በስተ ኋላ አሽከሩ፣ ሚስቱና አጋሰሱ ይከተላሉ፤ ያለፉበት አገር እህል ያልቃል። በሰላምም ቢሆን ወታደሩ በገበሬ ቤት ይመራል። ገበሬው ወታደሩን ብቻ ሳይሆን የወታደሩን አሽከርና በቅሎም ይቀልባል። በዚህ ጊዜ የገበሬው ቤት ሰላም የሚወሰነው በጌታው ጠባይ ሳይሆን ከበታች ባለው በጋሻ ጃግሬው ጠባይ ነበር። ጌታው የጠየቀው አንድ ቁና ከሆነ አሽከሩ ሁለት ይጠይቃል፤ ጌታው ያላየውን ዶሮ አሽከሩ ያየዋል። «ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ደጅ ታሳድራለች» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለመተማመን ምሳሌነት ቢሆንም በገበሬው ጆሮ ሌላ ድምፅ ሊኖረው እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

አሳዛኙ ነገር የሚቀልበው ገበሬና የሚቀለበው ወጣት ብዙ ጊዜ የአንድ መንደር ልጆች መሆናቸው ነው። አውሮፓዊው ስኳየር ከገባሩ በዘር ይለይ ነበር፤ በኢትዮጵያ ደጋ ግን የርስት ባለቤት የሆነው ገበሬ ልጅ ለባለጉልቱ ጋሻ ጃግሬ ሆኖ በጎረቤቱ ቤት ሊመራ ይችል ነበር። አንዳንድ የታሪክ ተመልካቾች ይህን የመደብ ልዩነት አለመጥበቅ እንደ መልካም ነገር ብቻ ያዩታል። አስተያየቱ ግማሽ እውነት አለው። መውጫ በር መኖሩ በአንድ በኩል ተስፋ ሲሰጥ በሌላ በኩል የጠነከረውንና የነቃውን ወጣት ከእርሻው እየወሰደ፣ የቀሩትን ደግሞ የራሱ የገበሬው ልጅ አስገባሪ እንዲሆንባቸው አድርጓል። ሥርዓቱ ያን ያህል ዘመን የኖረበት አንዱ ምሥጢርም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሥታቱ ራሳቸው ችግሩን ሳያዩት አልቀሩም። ቴዎድሮስ ወታደር በገበሬ ላይ እንዳይዘርፍ ለማድረግና ደመወዝ ለመስጠት ሞክረው ነበር፤ ሙከራው አልሰነበተም። ከክፉ ቀን ረሃብ በኋላ በ1880ዎቹ አጋማሽ ምኒልክ ወታደሩ በገበሬ ቤት መመራቱ ቀርቶ ገበሬው የምርቱን አሥራት ለሠራዊቱ ቀለብ እንዲያገባ አዘዋል። ሆኖም አዋጅና አፈጻጸም ለየቅል ነበሩ።

ጋሻውን ራሱ የሚሸከም ኅብረተሰብ

ከላስታ ተረተር ወደ ቆቦ ሜዳ ሲወረድ የኅብረተሰቡ መልክ ይለወጣል። ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ በዚህ ቆላ የሰፈሩት የራያ ኦሮሞዎች ከነባሩ ሕዝብ ጋር ተዋሕደው፣ ከአማርኛና ከትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጋብተው፣ ከብት ማርባትን ከማሽላና ከጤፍ እርሻ ጋር አጣምረው ኖረዋል። ቆላው ዝናም የሚያጥረው ነው። ስለዚህ ገበሬው ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን የጎርፍ ውኃ በቦይ እየጠለፈ ወደ ማሳው ይመራል። ጎልና፣ ሆርማትና አለውኃ ለዚህ አካባቢ ሕይወት ናቸው። ጎርፍ በድንገት ይመጣል፤ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል፤ ቦዩን ለመጥረግና ውኃውን ለመካፈል ጎረቤት ሁሉ በአንድነት መነሣት አለበት። እንዲህ ያለው ሥራ ከትእዛዝ ይልቅ ስምምነትን ይፈልጋል። ደም ሲፈስና ጠብ ሲነሣም «ዘወልድ» የሚባለው የሽማግሌዎች የእርቅ ሥርዓት ጉዳዩን ይይዝ ነበር።

በዚህ ኅብረተሰብ ውስጥ ጦርና ጋሻ የእያንዳንዱ ጎልማሳ ወንድ ንብረት ነበር። ከአፋር ጋር በግጦሽና በከብት ምክንያት የሚደረገው መዋጋት የማያቋርጥ ስለሆነ ወጣቱ የጦር ትምህርቱን የሚቀስመው ከእኩዮቹና ከታላላቆቹ ጋር ከብት በመጠበቅና በዘመቻ በመውጣት ነው። ዝናው የራሱ ነው፤ ምርኮውም እንዲሁ። የሌላውን ጋሻ ተሸክሞ የሚያድግበት ምክንያት አልነበረም፤ ጉልት በሌለበት ወይም ገና ሥር ባልሰደደበት አገር ጋሻ ጃግሬን የሚቀልብ ባለጉልት ሊኖር አይችልምና። ይህ ማለት ግን ራያ እኩልነት የሰፈነበት ገነት ነበር ማለት አይደለም። ባለብዙ ከብቱና ባለጥቂቱ፣ የታወቀው ተዋጊና ያልታወቀው እኩል አይደመጡም፤ ከዞብል ወዲያ ላለው አፋርም የራያው ወጣት ጀግንነት ሐዘን ነበር። ጎረቤቱ የጁ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄዶ፣ ፈረሰኞቹን ይዞ ወደ ጎንደር መንግሥት ገብቶ፣ ከ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ራስ አሊ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1853 አይሻል ላይ እስከ ተሸነፉ ድረስ በደብረ ታቦር ተቀምጦ አገር ገዝቷል። ከአንድ ዓይነት መነሻ ሁለት የተለያዩ ውጤቶች መገኘታቸው ጉዳዩ የጎሣ ሳይሆን የመሬትና የሥልጣን መሆኑን ያሳያል።

የማዕከላዊው መንግሥት ሹማምንት ከደጋው ይዘውት የወረዱት ልማድ በራያ በቀላሉ ተቀባይነት ያላገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። በደጋው ሹሙና አሽከሮቹ መምጣታቸው የታወቀ መከራ ነው፤ ገበሬው ያጉረመርማል እንጂ ሥርዓቱን ያውቀዋል። በቆላው ግን ግብር አስከፋዩና ተከታዮቹ በገቡበት ቤት ሁሉ የሚጠብቃቸው ጋሻውን ከግድግዳው ላይ የሰቀለ ባለቤት ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የራያና የአዘቦ ሕዝብ ባመፀ ጊዜ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አመፁን እንዲያበርዱ ታዝዘው ነበር። ነገሩ ተወሳስቦ እርሳቸው ራሳቸው ከመንግሥቱ ጋር ተጣሉና መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ፣ አውሮፕላን በተካፈለበት ጦርነት፣ ወደቁ። በፈረስ ላይ ሆኖ የሚዋጋ ራስ ከሰማይ በሚወርድ ቦምብ ፊት የቆመበት ቀን በመሆኑ ብዙዎች የመሳፍንቱ ዘመን መዝጊያ አድርገው ያዩታል።

ከማይጨው ወዲህ

ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የማይጨው ጦርነት ተደረገ። በዚያ ቀን የተሰለፈው ሠራዊት ሁለት ዘመን በአንድ ላይ የያዘ ነበር። በአንድ በኩል የሠለጠነው የክብር ዘበኛ ጦር አለ፤ በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት በስዊድን መኰንኖች መሪነት የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ያስተማራቸው ወጣቶችም ለአዲሱ ሠራዊት የታሰቡ ነበሩ። በሌላ በኩል ራስ ካሣ፣ ራስ ሥዩምና ራስ ጌታቸው የመሯቸው ወገኖች በአብዛኛው በቀድሞው ልማድ፣ እያንዳንዱ ተዋጊ ለጌታው፣ ጌታውም ለራሱ በላይ አለቃ የታመነባቸው ነበሩ። በሆለታ የተማረው ወጣት መታዘዝን የተማረው ለማዕረግ ነው፤ ጋሻ ጃግሬው ግን ለሰው ነው የሚታዘዘው። ጌታው ሲወድቅ የጋሻ ጃግሬው ጦርነት ያበቃል፤ የቀረው ሥራ ሬሳውን ወደ አገሩ ማድረስ ነው። የድሮው ሠራዊት አለቃው ሲሞት ለምን ይበተን እንደነበር ለመረዳት ይህን ማስታወስ ያሻል።

ከማይጨው በፊትም ሆነ በኋላ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ሠራዊት ጣሊያኖች መሣሪያና ገንዘብ የሰጧቸው የራያና የአዘቦ ሰዎች አጠቁት። የአምባ አራዶም ጦር አዛዥ የነበሩት ራስ ሙሉጌታ ይገዙ በዚሁ መንገድ ላይ ሞቱ። ይህን ድርጊት በገንዘብ ብቻ መተርጐም የተለመደ ነው፤ ገንዘቡ መሰጠቱም እውነት ነው። ነገር ግን ከስድስት ዓመት በፊት በአመፃቸው ምክንያት የተቀጡ ሰዎች የሚያፈገፍገውን ሠራዊት ሲያዩ ያዩት ወገንን ነበር ወይስ ያንኑ ተመሪ ወታደርና አሽከሩን የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ የዚያን ጊዜ ታሪክ በክፍል ውስጥ ማስተማር ለተማሪው ግማሹን ብቻ መንገር ይሆናል።

ከነፃነት በኋላም ቅሬታው አልበረደም። በ1935 ዓ.ም. በደቡብ ትግራይና በራያ የተነሣው የወያኔ አመፅ በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ጭምር ተሰማርተውበት፣ ተደመሰሰ። ከዚያ በኋላ በራያ ብዙ መሬት እየተወረሰ ለመንግሥት ታማኞች ተሰጠ። የእንግሊዙ ስኳየር የጦር ሜዳውን ትቶ ባለመሬት ለመሆን መቶ ዓመታት እንደ ፈጀበት ከላይ ተመልክቷል፤ በራያ ቆላ ታማኝ አገልጋይ ባለመሬት የሆነው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ጋሻውን ራሱ ይሸከም የነበረው ገበሬ ደግሞ በአባቱ መሬት ላይ ለሌላ ሰው ማረስ ጀመረ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን በመታ ጊዜ በወልዲያና በቆቦ መካከል ባለው የመኪና መንገድ ዳር ተሰልፎ እርዳታ ይጠባበቅ ከነበረው ሕዝብ ውስጥ ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣው ጥቂት አልነበረም።

ጋሻ የሚለው ቃል ሌላም ትርጉም ነበረው። በብዙው የአገሪቱ ክፍል፣ በተለይም በደቡብ፣ መሬት የሚለካው በጋሻ ሲሆን አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ስያሜው ጋሻ ይዞ የሚዘምት አንድ ወታደር ከሚተዳደርበት መሬት ጋር የተያያዘ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይነገራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ይኸውም የአንድ ጋሻ ሩብ ነው።